ስለ እንግድነት፤ ወደ ሮማ ለሚሄድ ተማሪ

ባለፈው ነሐሴ ማለቂያ፣ ጳጉሜን ልትገባ ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ አባቱ ካረፈ ወዲህ ለምክር ወደ እኔ መምጣት የለመደው የታላቅ እህቴ ልጅ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሮማ ለመሄድ በተሰናዳበት ሰሞን፣ አንድ ምሽት ከቤቴ መጥቶ፣ እናቱ የቋጠረችለትን የበሶና የሽሮ ስንቅ፣ ቪዛው የተመታበትን ፓስፖርት፣ ለብርዱም የተገዛለትን ወፍራም ካፖርት አንድ በአንድ ካጫወተኝ በኋላ፣ ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ሌላውን ሁሉ አሰናድቼዋለሁ፤ ሄጄ ሌላ ሰው ሆኜ እንዳልመለስ ግን ምን ላድርግ ይሉኛል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ለዚህ ጥያቄ የሚበቃ መልስ በዚያ ምሽት አልነበረኝም። ስለዚህ በወጣትነቴ በዚያች ከተማ ከተቀመጥሁባቸው ዓመታት የቀረልኝን፣ ከዚያም ወዲህ ከተመላላሾች የሰማሁትን በእጄ ያለ ምክር ሰጠሁት፤ ከደረሰ በኋላ ባሉት 8 የሥራ ቀናት ውስጥ ወደ ፖስታ ቤት ሄዶ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻውን እንዲያስገባና የሚሰጠውን ደረሰኝ እንደ ፓስፖርቱ አጥብቆ እንዲጠብቅ፣ በክፍለ ሀገር ባቡር በወረቀት ትኬት የሚሄድ እንደ ሆነ ሳይሳፈር በፊት በጣቢያው በቆመችው ማተሚያ ትኬቱን እንዲያስመታ፣ ያለዚያ በቅን ልቡና የከፈለ ሰው እንኳ እንዳልከፈለ ተቆጥሮ መቀጫ እንደሚጠየቅ፣ ውሃም መግዛት ሳያስፈልገው በሮማ አደባባይና መንገድ ከ2,000 የሚበልጡ ቧንቧዎች ለአላፊ አግዳሚው ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ እንደሚያፈሱ ነገርሁት። ይህን ሁሉ ማንም ሊነግረው ይችላል። ጥያቄው ግን እርሱ ተሰናብቶኝ ከሄደ በኋላ አብሮኝ አደረ፤ ሰንብቶም ይህን ጽሑፍ አስጻፈኝ።

ጥያቄው የአንድ ወጣት ፍርሃት ብቻ አይደለም። ሰው ከአገሩ ወጥቶ ሳይለወጥ ሊመለስ ይቻለዋልን? ቢቻለውስ ሳይለወጥ መመለሱ በጎ ነውን? እምነትና ጠባይ በሣጥን እንደ ተቆለፈ ወርቅ በመዝጋት የሚጠበቅ ሀብት ነውን፣ ወይስ ባሕርዩ ሌላ ሆኖ ጥበቃውም ሌላ ነው? እኔ በዕድሜዬ ሁለቱንም ዓይነት ተመላሽ አይቻለሁ፤ አንዱ ሄዶ የራሱን ሁሉ በመናቅ የተመለሰ፣ ሁለተኛውም አራት ዓመት በባዕድ ከተማ ከአገሩ ልጆች ጋር ብቻ ተዘግቶ፣ የሄደበትን አገር ሰው አንድ ቀን እንኳ ከማዕዱ ሳይቀርብ፣ እንደ ሄደ የተመለሰ ነው። የመጀመሪያውን ሁሉም ያዝንበታል። ሁለተኛውን ግን ብዙዎች ያመሰግኑታል፤ እኔ ደግሞ ይልቁን የማዝነው በዚህ ነው።

ቋንቋችን በዚህ ነገር የሚረዳን መሰለኝ። በግእዝ «ነገደ» የሚለው ግስ መጓዝን፣ ለንግድ መሄድን፣ ቅዱስ ቦታ ለመሳለም መውጣትንም በአንድነት የሚይዝ ሲሆን፣ ከዚሁ ከአንዱ ሥር ነጋዴም እንግዳም ወጥተዋል፤ ወደ ቅዱሳት መካናት የሚደረገውም ጉዞ ንግደት ተብሏል። መንገዱ አንድ ነው፤ የሚለያየው የመንገደኛው ልብ ነው። የነጋዴን ሥራ ለመንቀፍ አልተነሣሁም፤ ነጋዴ ዋጋ ሰጥቶ ዕቃውን ተቀብሎ ያለ ዕዳ ይመለሳል፤ ይህም በገበያ የተገባ ነው። ነገር ግን ተማሪው በነጋዴ ልብ የሄደ እንደ ሆነ፣ ዲፕሎማውን የገዛ፣ በዘመኑ ዋጋ የከፈለ ስለሚመስለው፣ ከአገሩም ከሕዝቡም ጋር ሒሳቡ የተዘጋ ነው። እንግዳ ግን የሚከፍለው የለውም። በአገራችን ገጠር የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ!» ብሎ ሲጣራ፣ ባለቤቱ እግሩን አጥቦ ከመደቡ ያስቀምጠዋል፤ እንግዳውም የሚሰጠው የመንገዱን ወሬና የአገሩን ሁኔታ፣ ጠዋት ሲነሣም ምርቃቱን ነው። አብርሃም በመምሬ ዛፍ አጠገብ ሦስቱን ሰዎች ለመቀበል በቀትር የሮጠው፣ እርሱ ራሱ ከዑር ወጥቶ በሰው አገር በድንኳን የሚኖር መጻተኛ ስለ ነበረ ይመስለኛል፤ እንግድነትን ያልቀመሰ ሰው እንግዳ ሲመጣ አይሮጥም።

እኛ ስለ ተማሪ ጉዞ ስናስብ ከዚህ ወደዚያ የሚሄደውን ብቻ ማሰባችን ያስገርመኛል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ከዚያ ወደዚህ በተደረገ የሁለት ተማሪዎች ጉዞ የተጀመረች ናትና። ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ እንዳቆየልን፣ በ4ኛው መቶ ዓመት አንድ ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን፣ የሚያስተምራቸውን ሁለት ልጆች፣ አገር ሊያሳያቸው ይዟቸው ሲጓዝ፣ መርከባቸው ውሃና ስንቅ ፍለጋ በቆመችበት ወደብ የጠረፉ ሰዎች ተነሥተው መምህሩንና መርከበኞቹን ገደሉ፤ ልጆቹን ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ስላገኟቸው ራርተው ወደ ንጉሡ ወሰዷቸው። ከሁለቱ አንዱ፣ ፍሬምናጦስ፣ በእስክንድርያ በአትናቴዎስ እጅ ጳጳስ ሆኖ ተሹሞ ወደ አክሱም ተመለሰ፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እርሱ ነው። ሁለተኛው፣ ኤዴስዮስ፣ ወደ ጢሮስ ተመልሶ ቅስና ተቀበለ፤ ሩፊኖስም ታሪኩን የሰማው ከእርሱ አፍ መሆኑን ጽፏል። እንግዲህ የእህቴ ልጅ በጠየቀኝ መንገድ የጠየቅን እንደ ሆነ፣ ፍሬምናጦስ ሌላ ሰው ሆኗል፤ ስሙ እንኳ ተለውጧል። ግን ደግሞ ከዛፉ ሥር ይዞት የተገኘውን ትምህርት አልጣለም፤ በመከራው ቀን ያተረፈው፣ ኋላም ለእኛ የተረፈው ያው ነው። ሩፊኖስ በዚህ ታሪክ አገራችንን ህንድ ብሎ መጥራቱን አንባቢ በልቡ ያኑርልኝ፤ ወደ ስም ነገር እመለሳለሁና።

አሁን ወደ ትንንሹ ነገር ልውረድ፤ በእንግድነት ትልቁ ፈተና የሚመጣው በትንንሹ ነገር ነውና። አንድ ኢትዮጵያዊ አውሮጳ ሲደርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰወርበት ሰዓቱ ነው። እኛ ፀሐይ ሲወጣ አንድ ብለን የምንጀምር፣ ሲገባ ዐሥራ ሁለት ብለን የምንደመድም ሕዝብ ነን፤ ይህም አቆጣጠር የተመሠረተው ከምድር ወገብ ቅርብ በሆነ አገር ቀንና ሌሊት ዓመቱን ሙሉ እጅግ የማይበላለጡ በመሆናቸው ነው። በሮማ ግን በሰኔ ቀኑ 15 ሰዓት ያህል ሆኖ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ በታኅሣሥ ግን ቀኑ ወደ 9 ሰዓት ያጥርና በእኛ ዐሥር ሰዓት ተኩል አልፎ ጥቂት እንደ ቆየ ይጨልማል። የነቢያትን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ልጅ፣ በአገሩ የቀኑ ሦስት እጅ ካለፈ በኋላ ገና ብርሃን ሳለ የሚፈታውን ጾም፣ በዚያ ለጨለማ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ሲቀር ይፈታዋል ማለት ነው። ፀሐይ ለእግዚአብሔር ሕግ ምስክር መስላ ስትታየው የኖረችው ነፍስ በዚህ ትደናገጣለች። እኔም ደንግጬ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ሥርዓታችን ሁሉ በሰማያችን ላይ የቆመ፣ ከሰማያችን ሲያወጡት የሚወድቅ መስሎ ታይቶኝ ብዙ ሌሊት አዝኛለሁ። ቀስ በቀስ ግን የተረዳኝ፣ ሰዓቱ ለጾሙ የተሰጠ ልብስ እንጂ ጾሙ ራሱ አለመሆኑ ነው፤ ይህንንም ከአገሬ ባልወጣ ኖሮ ለይቼ ለማወቅ ምክንያት አላገኝም ነበር።

ስለ ምግቡ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ጣልያን የአትክልት አገር ናት፤ በቲማቲምና በዘይት ብቻ የተሠራ ፓስታ የጾም ምግብ ነው፤ አይብ እንዳይበተንበት አስቀድሞ መናገር ብቻ ይበቃል። የሚከብደው ማዕዱ ነው። እነርሱ ልደትን በዲሴምበር 25 ሲያከብሩ እኛ ታኅሣሥ 29 እስኪደርስ ገና ጾም ላይ ነን፤ ያን ዕለት በማንም ቤት ብቸኛ ተማሪን መጥራት የተለመደ ደግ ሥራ ነውና ልጁ መጠራቱ አይቀርም። እንግዲህ ምን ያድርግ? «እኔ እጾማለሁ» ብሎ ከክፍሉ ይቅር? የግብፅ በረሃ አባቶች እንግዳ በመጣባቸው ጊዜ ጾማቸውን ገትተው አብረውት ይበሉ እንደ ነበር ይነገራል፤ ያ ግን ለተቀባዩ የተሰጠ ነጻነት ነው፤ ለተጠሪው ይገባል አይገባም የሚለውን ለነፍስ አባቱ እተዋለሁ። የእኔ ልብ የሚለው ይህ ነው፤ ይሂድ፣ ከማዕዱ ይቀመጥ፣ ከዳቦውና ከአትክልቱ ይብላ፣ ሲጠይቁትም ያለ እፍረትም ያለ ትዕቢትም ያስረዳ። አንዲት አሮጊት ባልቴት በዚህ ዓይነት ቀን የእኔን ነገር ከሰማች በኋላ ከወጥ ቤቷ ተመልሳ ምስር በሽንኩርት ቀቅላ አምጥታልኛለች። በቤቷ ከነበረው ሁሉ ድሃው ምግብ እርሱ ነበር፤ እንደርሱ ያለ የልደት ራት ግን ከዚያ ወዲህ አልበላሁም።

ሌላው ድህነት የቋንቋ ነው። በአገሩ አንደበተ ርቱዕ የነበረ፣ ከመምህሩ ጋር ቆሞ የተከራከረ ወጣት በዚያ ለዳቦና ለመንገድ እንኳ ቃል አጥቶ በጣት የሚያሳይ ሕፃን ይሆናል። ብዙዎች ይህን እንደ ውርደት ቆጥረው ይሸሹታል። እኔ ግን በዚህ ነገር የማስበው ተስፋ ጽዮንን ነው። ይህ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ፣ ገዳሙ በግራኝ ጦርነት በ1531 ከተቃጠለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ነው) ሮማ ገብቶ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች በተሰጠችው በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀመጠ፤ የአገሩ መጻሕፍት እየተቃጠሉ መሆናቸውን ያወቀ ሰው ነበርና፣ ከባልንጀሮቹ ጋር ደክሞ የግእዙን አዲስ ኪዳን በ1548 እና በ1549 በዚያች ከተማ አሳተመ። በመጽሐፉም ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ለምኗል፤ ምክንያቱንም ሲገልጥ አታሚዎቹ ፊደሉን ማንበብ እንደማይችሉ፣ እርሱና ባልንጀሮቹም የማተምን ጥበብ እንደማያውቁ፣ እንዲህ ሆነው ዕውር ዕውርን እንደሚያግዝ እርስ በርስ እንደ ተጋገዙ አመልክቷል።

እኔ የተማሪን ጉዞ ሁሉ ከዚህ ይቅርታ በተሻለ የሚገልጥ ነገር አላውቅም። በዚያ ማተሚያ ቤት ሁለት ዕውቀትና ሁለት ድንቁርና ተገናኙ። ሮማዊው ሠራተኛ የእርሳስ ፊደል የመደርደርን ጥበብ ይዟል፤ የሚደረድረው ግን ምን እንደሚል አያውቅም፤ መነኩሴው ቃሉን በልቡ ይዟል፤ እንዴት ወደ እርሳስ እንደሚገባ ግን አያውቅም። አንዱ ሌላውን ቢንቅ ኖሮ መጽሐፉ አይወጣም ነበር። ተስፋ ጽዮን ባዶ እጁን አልሄደም፤ ነገር ግን የያዘው ነገር ብቻውን እንደማይበቃው ዐወቀ። ማርያኖ ቪቶሪ የተባለው ጣልያናዊም ከእርሱ ግእዝ ተምሮ በ1552 የግእዝን ሰዋስው አሳተመ፤ የቆሎኙ ሰው ዮሐንስ ፖትከን ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ የኢትዮጵያውያኑን መነኮሳት ጸሎት በሮማ ሰምቶ፣ ከእነርሱ ፊደሉን ተምሮ፣ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ በ1513 አሳትሞ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም በዚያችው በቅዱስ እስጢፋኖስ በ1649 ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስና ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ ጎርጎርዮስ በጎታው መስፍን ጥሪ እስከ ጀርመን ሄዶ በቤተ መንግሥቱ ሰንብቶ፣ ሉዶልፍን ስለ አገራችንና ስለ አማርኛ አስተማረው። ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው የዚያ ወዳጅነት ፍሬ ነው። እነዚህ ሰዎች ለመማር ሄዱ ወይስ ለማስተማር ብለን ብንጠይቅ መልስ አናገኝም፤ በእንግድነት ሁለቱ አይለያዩምና።

ነገር ግን እንግዳ ሁልጊዜ በደስታ አይቀበሉትም፤ ይህንን ለልጁ መደበቅ አይገባም። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብ በ1527 ሊዝበን ከደረሰ በኋላ ከ10 ዓመት በላይ በፖርቱጋል ሲቀመጥ፣ የዚያ አገር የመለኮት ሊቃውንት ስለ ሰንበት፣ ስለ ግዝረት፣ ስለ መብልም ሥርዓታችን ከመረመሩት በኋላ ሃይማኖቱን አጉድለው ቆጥረው ከሥጋ ወደሙ ከለከሉት። አስቡት፤ ክርስቲያን ሆኖ ወደ ክርስቲያን አገር በመልእክት የሄደ ካህን እንደ ተወገዘ ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ! እርሱ ግን የአገሩን እምነትና ሥርዓት በጽሑፍ አስረዳ፤ ዳምያኖ ደ ጎይሽ የተባለው ፖርቱጋላዊ ሊቅም ጽሑፉን ተቀብሎ በላቲን በ1540 በሉቨን አሳተመው። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ካለው አቤቱታ ዋናው ይህ ነው፤ ከሩቅ የመጣን ወንድም በሥርዓቱ ልዩነት ከማኅበር ማራቅ የፍቅር ሥራ አለመሆኑ። ሊዝበን ያሉት መርማሪዎች በጊዜያቸው ሹማምንት ነበሩ፤ የጸጋ ዘአብ ቃል ግን በአውሮጳ ሊቃውንት እጅ ሲነበብ ኖሯል።

የዛሬው ተማሪ የሚገጥመው መርማሪ የመለኮት ሊቅ አይደለም። እምነቱን የሚነቅፍበት የለም፤ ስለ እምነቱ የሚጠይቀውም የለም። በትምህርት ቤቱ ባልንጀሮቹ ቅን፣ ትጉህ፣ ደግ ሆነው ሳሉ የእግዚአብሔርን ስም በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የማያነሡ ብዙዎች መሆናቸውን ያያል፤ ይህም ከክርክር ይልቅ ያናውጠዋል፤ ያለ ጸሎት ደግ መሆን ይቻላልን የሚል ጥያቄ በሌሊት ይመጣበታልና። ለዚህ ጥያቄ ችኩል መልስ እንዳይሰጥ እለምነዋለሁ። እግዚአብሔር ዝናሙን ለማን እንደሚያዘንም ተምሯል፤ የባልንጀሮቹን ደግነት ሲያይ ከራሱ ሃይማኖት የተሰረቀ አድርጎ አይመልከተው፤ ደስ ይበለው። እርሱ ደግሞ የሚጸልይ እንደ ሆነ ይጸልይ፤ ሰውን ለማሳመን ሳይሆን የሚጸልየው ስላለው።

ወደ ቤተ ክርስቲያኖቻቸውም ይግባ። ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ወንድ ራሱን ይግለጥ፤ ጫማ ግን አይወልቅም። እኛ ሙሴ በሐመልማሉ ፊት የታዘዘውን በየደጀ ሰላማችን የምንፈጽም ሕዝብ ስለሆንን፣ በቅዱስ ጴጥሮስ ወለል ላይ በሺህ የሚቆጠር ጫማ ሲረግጥ ስናይ ልባችን ይቆስላል። የእኔ ምክር፣ በእነርሱ ቤት እንደ እነርሱ ይግባ፤ ነገር ግን በእሑድ ጧት የአገሩን ልጆች ፈልጎ ይሂድ። በብዙ የአውሮጳ ከተሞች የእኛ ምእመናን የሚቀድሱት ከካቶሊኮች ወይም ከፕሮቴስታንቶች በተዋሱት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ወንበሩን ወደ ዳር ገፍተው ምንጣፍ ይዘረጋሉ፣ ከምንጣፉም ጠርዝ ጫማ ይደረደራል። ያው ወለል ነው፤ ከቀትር በኋላ ባለቤቶቹ በጫማቸው ይገቡበታል። በዚያ ምንጣፍ ጠርዝ ላይ ቆሜ፣ ቅድስና በድንጋዩ ነው ወይስ በእግራችን መራቆት ብዬ ራሴን የጠየቅሁበት ቀን ትዝ ይለኛል። እስካሁን አልጨረስሁትም።

ከሁሉ የሚከብደውን ነገር ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ሳልወድ ነው። ልጁ የሚሄደው ወደ ሮማ ነው። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ወጥቶ የሚረግጠው የመጀመሪያው አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል፤ አምስት መቶዎቹ በ1887 በዶጋሊ የራስ አሉላ ሠራዊት የደመሰሳቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው፤ ለእነርሱ መታሰቢያ የቆመውም ሐውልት ከዚያው ቅርብ ነው። ቀጥሎም በፖርታ ካፔና አደባባይ ሲያልፍ፣ በ1937 ከአክሱም ተወስዶ በዚያ የቆመው፣ 24 ሜትር የሚረዝመው ሐውልታችን ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ የሌለበትን ቦታ ያያል። ተስፋ ጽዮን የመጣበት ደብረ ሊባኖስም፣ በግንቦት ወር 1929 ዓ.ም. በጣልያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ትእዛዝ መነኮሳቱ፣ ዲያቆናቱና ምእመናኑ በብዙ መቶ የተረሸኑበት ገዳም ነው። ከዚህች ከተማ የግእዝ ወንጌል ወጥቶልናል፤ ከዚህችው ከተማ ያን ትእዛዝ የሰጠው ሥልጣን ወጥቶብናል። በዚህች ከተማ እንዴት እንግዳ ይሆኗል?

ይህን ጥያቄ «ያለፈው አልፏል» በሚል ቃል የሚዘጉት ሰዎች አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ጋር አይደለሁም። የሞቱት ሰዎች ስም አላቸው፤ ሳይነገሩ ያለፉ ሙታን አላለፉም። በሌላ በኩልም፣ ዳቦ የሚሸጥለትን ወጣት በአያቱ ኀጢአት የሚመረምር እንግዳ ከጸጋ ዘአብ መርማሪዎች አይሻልም። በዚያ አደባባይ የቆመው ሐውልት የሚያስታውሳቸው ወታደሮችም ብዙዎቹ የድሃ ልጆች እንደ ነበሩ ልቡ ይወቅ፤ ለእነርሱም ያዘነች እናት ነበረች። ሐዘናቸውን ማክበር የራስ አሉላን እውነት መካድ አይሆንበትም። እኔ በዚያ ሳለሁ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ስለ ደብረ ሊባኖስ ሰምቶ እንደማያውቅ ባወቅሁ ጊዜ፣ ከቁጣዬ በፊት አንድ ሌላ ነገር መጣብኝ፤ ይህን ሰው ማን ይነግረዋል፣ እኔ ካልነገርሁት? በአንድ ምሽት ረጅም መንገድ አብረን ሄድን፤ ነገርሁት። እስከ ቤቴ ደጅ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ሲለየኝ እጄን ያዘ። የመሸበት እንግዳ የመንገዱን ወሬ ለባለቤቱ ይሰጣል ብዬ ነበር፤ ይህም ወሬ ከዚያው ይቆጠራል፤ ባለቤቱ የማይወደውም ቢሆን።

ወደ ስም ነገር እመለሳለሁ ብዬ ነበር። የሚቀበሉን ሰዎች በስማችን ጠርተውን አያውቁም ማለት ይቻላል። ሩፊኖስ ህንድ አለን። በ1441 በፍሎረንስ ጉባኤ የቀረቡት መነኮሳት ንጉሣቸውን ቄስ ዮሐንስ እያሉ ሲጠሩባቸው፣ የንጉሣችን ስም ዘርዐ ያዕቆብ ነው ብለው ለማስረዳት ደክመዋል። ተስፋ ጽዮን በጣልያን ፒየትሮ ተብሎ፣ በላዩም ህንዳዊው እየተባለ ኖሯል። ፖትከን የግእዙን መዝሙር ሲያሳትም ቋንቋውን ከለዳዊ ብሎ ጠራው። ስሕተቱን ማረም ተገቢ ነው፤ እነዚህ አባቶችም አርመዋል፤ ነገር ግን ስሙ እስኪታረም ሥራቸውን አላቆሙም።

ለእህቴ ልጅም በአውሮፕላን ማረፊያው ስንለያይ በዚህ ነገር አንድ ምክር ጨመርሁለት፤ እኛ የቤተሰብ ስም የሌለን ሕዝብ ስለሆንን በቅጾቻቸው ላይ የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም ተብሎ እንደሚጻፍ፣ ከዚያም ቀን ጀምሮ በመዝገብ ሁሉ በአባቱ ስም እንደሚጠሩት፣ ይህም ስሕተት ነው ብሎ በየመስኮቱ እንዳይከራከር፣ ፓስፖርቱና ማመልከቻው ብቻ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ እንዲጠነቀቅ ነገርሁት። እሺ አለኝ፤ እናቱን ስሞ፣ እኔንም ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ከለከልሁት፤ ሄደ።

በጥቅምት አጋማሽ ደወለልኝ። ብርዱ ገና እንዳልጀመረ፣ የመኖሪያ ቤቱም ከትምህርት ቤቱ ሩቅ እንደ ሆነ ነገረኝ፤ ከዚያ ጥቂት ዝም ብሎ ስለ መኖሪያ ፈቃዱ አወራልኝ። የቀጠሮው ቀን ከጠዋት ጀምሮ ከብዙ የውጭ አገር ሰዎች ጋር ተቀምጦ ሲጠብቅ፣ ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለችው ሴት የአባቱን ስም ብቻ፣ አናባቢውን በጣልያንኛ ጎተት አድርጋ፣ ጮክ ብላ ጠራች። ልጁ መጀመሪያ ወደ ኋላው ዞሮ በሩን አየ። ከዚያ ተነሣ፤ በአማርኛም «አቤት» አለ።